አሥራ አንድ ኬሻ ቡና እና አንድ ማጫወቻ

ቸኩላችሁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ለሌላ ቀን አቆዩት። እኔ መኪና ስነዳም ወሬ ሳወራም ከሁለተኛ ማርሽ እምብዛም አልወጣም። ከሸኮ ወደ ሚዛን ከተማ ስመጣ ባጃጅ ይቀድመኛል። ሽቅቡ ላይ ደግሞ ሙዝ የተሸከሙ ሴቶች ሰላም ብለውኝ፣ የቤተሰቤን ደህንነት ጠይቀውኝ፣ መልሴን ሰምተው አልፈውኝ ይሄዳሉ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ብዕሬም እንደ መኪናዬ ነው። ይህን አውቃችሁ ተሳፈሩ።

ነገሩን ያመጣው ማንጎራጎሬ ነው። ስነዳ አንጎራጉራለሁ። የማውቀው አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ እሱንም እስከ ግማሹ። የፒካፔ ሬዲዮ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። የነበረበት ቀዳዳ አሁን የባለቤቴ የበላይነሽ መነጽርና ሎሚ ማስቀመጫ ሆኗል። ሬዲዮው ከሞተ ወዲህ በመኪናው ውስጥ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ፣ የበሩ መንቀጥቀጥና ያቺ የኔ ግማሽ ዜማ ናት።

አንድ ቀን ቡናችንን አይተን ስንመለስ በላይነሽ ድንገት፣ «አንተ፣ ያቺን ዜማ ወይ ጨርሳት ወይ ተዋት» አለችኝ።

«ምን አደረገችሽ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያችው ጋ ስትደርስ ታቆማታለህ። እኔ ደግሞ ቀሪውን ስጠብቅ ቤት እንደርሳለን።»

«ቀሪውን አላውቀውማ!»

«እንግዲያው የሚያውቅ ግዛ።»

ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ዝም ብላ ከጠበቀች ሴት ይህን ያህል መጠየቅ አይበዛም ብዬ በማግስቱ ወደ ገበያ ወጣሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ትዕግስት የምትባል ልጅ የስልክና የማጫወቻ ሱቅ አላት። መጠገንም ትችላለች። ካቻቢቴዋን ከጆሮዋ ጀርባ እንደ እርሳስ ሰክታ ነው የምትውለው። መኪና ውስጥ የማስቀምጠው ማጫወቻ እፈልጋለሁ ስላት ባንኮኒው ላይ ደረደረችልኝ። አንዱ እንቁላል ይመስላል፤ አንዱ እንደ ሠርግ ቤት መብራት ያበራል፤ አንዱ ደግሞ እጀታ ያለው ጡብ ነው።

«በብሉቱዝ ነው በፍላሽ ነው የሚፈልጉት አባባ?»

«በመኪና ነው» አልኳት።

አልሳቀችብኝም። ልጅቷ ጨዋ ናት። ከንፈሯን ነክሳ ወደ መደርደሪያው ዞረች።

እንግዲህ ሰው ሲመርጥ በሚያውቀው ነው የሚመርጠው። እኔ የማውቀው ቡና ነው። ስለ ቡና የምጠይቀውን ጠየቅኳት። «አገሩ የት ነው?»

«ቻይና ነው አባባ። ሁሉም።»

«ደገኛው ነው ቆለኛው?»

ይህን ጊዜ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን የምሬን ነበር። በቡና ቢሆን ደጋና ቆላ አንድ አይሆንም። መልስ ሳጣ ወደ ሁለተኛው ዘዴዬ ሄድኩ። ቀዩ እሸት ቡና እንደተለቀመ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደህናው ፍሬ ይሰምጣል፤ ባዶው ይንሳፈፋል። ዕድሜዬን ሙሉ እጄን በዚያ ውሃ ውስጥ ከትቼ ተንሳፋፊውን ስገፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለእኔ ቀላል ነገር ባዶ ነው፤ ከባድ ነገር ሙሉ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ማጫወቻዎቹን አንድ በአንድ በመዳፌ መዘንኳቸው።

«ውሃ አለሽ?» አልኳት፣ እውነቱን ለመናገር ጠምቶኝ ነበር።

ትዕግስት ሁለት እጇን ዘርግታ ማጫወቻዎቹን ከለለቻቸው። «አባባ በናትዎ! ውሃ ውስጥ እንዳይከቱብኝ!»

በመጨረሻ ጡቡን መረጥኩ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነበር። «እኔም ከባዱን ነው የማምነው፤ ከባድ ኦሪጅናል ነው» ብላ አጸናችልኝ። ከዚያ ያቺን ዜማዬን እንዳንጎራጉርላት ጠየቀችኝ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው እያለ አንጎራጎርኩ። ልጅቷ ጭንቅላቷን አዘንብላ አዳመጠችና፣ «የትኛው እንደሆነ አልያዝኩትም፤ የሚመስሉትን ሁሉ ልጫንልዎት፣ ከመሃላቸው አይጠፋም» አለች። ለበላይነሽም መዝሙሮች ጨመረችላት። ፍላሹ ጥፍሬን አያክልም፣ ግን አንድ ቄጤማ ጎዝጉዞ የሚጨፍር ሠርግና አንድ ጉባኤ አብረው ገቡበት።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነበር። ማጫወቻው ሲከፈት ከዘፈኑ በፊት አንዲት ሴት በባዕድ ቋንቋ አንድ ነገር ትናገራለች። ምን እንደምትል አናውቅም። በላይነሽ ግን ሰው ተናግሮ ዝም አይባልም ብላ ሁልጊዜ «እንደምን ዋልሽ» ትላታለች። ስሟንም «ሴትዮዋ» አለቻት። ሴትዮዋ ከተናገረች በኋላ ዘፈን ይመጣል፣ መዝሙር ይመጣል። ያ የኔ ዜማ ግን ገና አልመጣም። በላይነሽ አንዱ በተጀመረ ቁጥር «ይሄ ነው?» ትላለች። «አይደለም» እላለሁ። እየፈለግነው እያለ ዝናብ መጣ።

ስለኛ አገር ዝናብ ላልኖረበት ሰው መንገር ትርፉ ድካም ነው። ስለ መኪናዬ ብቻ ልንገራችሁ። የፊት መስታወቱ ጎማ አርጅቶ በአንዲት ቦታ ያፈሳል። ሁልጊዜ በዚያችው ቦታ ነው። ለዓመታት ከሥሯ አንድ ጣሳ አስቀምጬ ኖሬያለሁ። ማጫወቻውን ዳሽቦርዱ ላይ የት ላስቀምጠው ብዬ ሳስብ ልክ የሚሆነው አንድ ስፍራ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ጣሳው ያለበት ስፍራ ነው። ጣሳውን አነሳሁና ማጫወቻውን አስቀመጥኩ። አያችሁ ብልጠቴን? ጣሳው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። እኔ ደግሞ አልጠየቅኩም።

ማጫወቻው አንድ ሌሊት ጠጥቶ አደረ፤ ጠዋት ሴትዮዋ ዝም አለች።

«ልጃችን ስልኳ ውሃ ሲገባው ሩዝ ውስጥ ቀብራ ነው ያዳነችው» አለች በላይነሽ።

ቤታችን ሩዝ የለም። ቢኖርም አላምነውም ነበር፤ ማን እንዳደረቀው አላውቅማ! ጀንፈሌን ግን አውቀዋለሁ። ከነገለባው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ በእጄ እየገለባበጥኩት፣ ደመና በመጣ ቁጥር እየሸፈንኩት የደረቀ ቡና ነው። ከሱ የበለጠ እርጥበት የሚጠጣ ነገር የት ይገኛል? ጎተራ ገብቼ ለሽያጭ ከተዘጋጁት፣ አፋቸው ገና ካልተሰፋ አሥራ አንድ ኬሻዎች ወደ አንዱ ጠጋ አልኩ፣ ማጫወቻውን እስከ ክንዴ ድረስ አስገብቼ መሃሉ ላይ ቀበርኩት። እንዳልረሳ ኬሻው ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። የክሩን ጥቅልም እዚያው ላይ ተውኩት። ያላሰብኩት ነገር የለም፣ ለሰው መንገር ብቻ ቀረ።

ልጃችንን ለመጠየቅ ቴፒ ሄጄ ሰነበትኩ። በላይነሽ ጎተራ ስትገባ አሥራ አንድ ኬሻ አፉን ከፍቶ፣ ከላዩ የቀይ ክር ጥቅል ተቀምጦ አገኘች። ስፊው ማለቴ መስሏት የአሥራ አንዱንም አፍ በቀይ ክር ሰፋችልኝ። የጆሮውን ምልክትም የክር ጫፍ መስሏት ቆርጣ ጣለችው። ስመለስ ጎረቤቶቻችን ኬሻዎቹን ፒካፑ ላይ ጭነውልኝ ነበር። ቀዩን ስፌት አይቼ «እንዴት ያምራል!» አልኩ። ቀይ ክር እቤታችን ምን ሊሠራ እንደመጣ ግን ትዝ አላለኝም። ማጫወቻውንም መንገድ ላይ አልፈለግኩትም፤ የሚያስታውሰኝ ዝናብ ስላልነበረ እያንጎራጎርኩ ሄድኩ።

ቡናዬን የማስረክበው ሚዛን ከተማ ውስጥ ለሙዘይን ነው። ሙዘይን የነጋዴ ልጅ ነው፤ ድሮ የማስረክበው ለአባቱ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ቡና ሲመጣ የሚፈተሽበት ጫፉ የሾለ ቱቦ አለ፣ መውጊያ ይሉታል። ኬሻውን ጎኑን ይወጉትና ከሆዱ ቡና ያወጣሉ፤ መሃሉ ላይ እርጥብ ቡና ወይም ድንጋይ እንዳይኖር ነው። የማንም ኬሻ ይወጋል። የኔ አይወጋም። የሙዘይን አባት አንድ ጊዜ «የእሱን ተዉት» አሉ፣ ከዚያ ወዲህ እንደተተወ ነው። ሙዘይን መጋዘኑን ሲወርስ ይህንንም አብሮ ወረሰው። ይህ በወረቀት ያልተጻፈ ነገር ነው። ግን ሌላ ሰው ሜዳልያውን እንደሚያየው እኔ ያልተበሳውን ኬሻዬን አየዋለሁ። ከዚህ በቀር የሚታወቅልኝ ነገር የለም፣ ካልዋሸሁ ዜማም ከግማሽ በላይ አላውቅም።

የጫኞቹ አለቃ ቶማስ ይባላል፤ ሚዛኑም መውጊያውም በእጁ ነው። አንዱን ኬሻ ሚዛን ላይ ሲያወጣ አቃሰተ። «ይሄኛውስ ይከብዳል አባባ።»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ቀዩ ክር፣ ጎተራው፣ እስከ ክንዴ የገባው እጄ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ። አፌን ከፈትኩ። ግን ሙዘይን ቀደመኝ። መጋዘኑ ውስጥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶችም ጫኞቹም እየሰሙ፣ «የጋሼ ፍሬ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሙሉ ነው!» አለ።

አፌን ዘጋሁ።

ለምን ዘጋህ ብትሉኝ ልክ አላውቅም። እንዲህ ከተመሰገንኩ በኋላ «አይ፣ ውስጡ ስፒከር አለ» ማለት ከበደኝ። ተመዝኖ ይለቅና ቀስ ብዬ ለብቻው እነግረዋለሁ አልኩ። ተመዝኖ አለቀ። ጫኞቹ ይውጡና አልኩ። ጫኞቹ ክምሩ ላይ መደርደር ጀመሩ። ሴቶቹ ወሬያቸውን ይጀምሩና አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ አጭበርባሪ የሚባለው ሰው ሌሊት ተኝቶ ሲያሴር የሚያድር ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዲት ዓረፍተ ነገር ማዘግየት ይበቃል።

ቶማስ የመጨረሻውን ኬሻ ወርውሮ በዚያኛው ላይ ጣለው። ክብደቱ የማጫወቻውን ቁልፍ ሳይጫነው አልቀረም። ከኬሻዎቹ ክምር ሆድ ውስጥ ሴትዮዋ ተናገረች።

በላይነሽ ብትኖር እንደምን ዋልሽ ትላት ነበር።

«ሰው አለ!» ብላ አንዷ ለቃሚ ብድግ አለች። «ሴት ናት! እዚያ ውስጥ ሴት አለች!»

«በኢየሱስ ስም!» አለች ሌላዋ፣ ወንፊቷን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ። ከወዲያ ጥግ ደግሞ «ቢስሚላህ!» ተሰማ። ከጫኞቹ አንዱ ክምሩን ወደ ላይ አንጋጦ፣ «እህት፣ ማነሽ? በየት ገባሽ?» አላት።

ዘፈኑ ጀመረ። ወዳጆቼ፣ ያ የኔ ዜማ ነበር! ስንት ቀን መንገድ ለመንገድ የፈለግነው ዜማ፣ ከጀንፈል ሥር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥርት ብሎ መጣ። እኔ የማቆምበት ጋ ደረሰ፣ አለፈ። ሠላሳ ዓመት የጠፋኝን ቀሪውን ግማሽ ሰው ሁሉ እያየኝ ቆሜ ልሰማው ሆነ። ምኑንም አልሰማሁትም። ጆሮዬ ውስጥ ደሜ ነበር የሚጮኸው።

«ያ ኬሻ የማነው?» አለ ሙዘይን።

«የኔ ነው።»

«ምን አለበት ጋሼ?»

«ማጫወቻ።»

«ቡና ውስጥ?»

«እየደረቀ ነው» አልኩ።

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ሙዘይን ግን አልሳቀም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ድንጋይ ኬሻ ውስጥ ከቶ ተይዞ ነበርና ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። ቶማስ ክሩን በጥሶ ማጫወቻውን አወጣው፤ እየዘፈነ ነው። በእጁ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ይሄማ ድንጋይ ነው!»

ሙዘይን ተቀብሎ መዘነው። «ቤቴ ከዚህ የሚበልጥ አለ ጋሼ፣ ግን ላባ ነው። ይሄ ምን በልቶ ነው እንዲህ የከበደው?»

«ስለከበደ ነው የመረጥኩት» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም መጥፎ ተሰማኝ።

ቶማስ ወደ ግድግዳው ሄዶ መውጊያውን አወረደ። ሙዘይንን አየው። ሙዘይን እኔን አየኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያፈረ ፊት ነው ያየሁት፤ ለእኔ ነው ያፈረልኝ። አባቱ «የእሱን ተዉት» ያሉበትን ቀን እያሰበ መሰለኝ።

«ከሱቅ የገዛሁት ነው። የሸጠችልኝን ልጅ ጥሯት» አልኩ። ማጫወቻው ቁልፉ ተጣብቆ አልጠፋ ስላለም እሷን መጥራት ግድ ነበር። አንዱ ደወለላት። ትዕግስት በባጃጅ እስክትመጣ ድረስ ሦስት ዘፈንና አንድ መዝሙር ሰማን። መዝሙሩ ላይ ለቃሚዎቹ ተቀበሉት። እኔ ባዶ ኬሻ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አየሁ።

ልጅቷ ገብታ ነገሩን ስትሰማ ካቻቢቴዋን ከጆሮዋ ጀርባ መዘዘች። አራቱን ብሎን ፈታች፣ ክዳኑን አነሳች። ሁላችንም ጎንበስ አልን። አንዲት የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታክል ስፒከር፣ ሁለት ሦስት ሽቦ፣ ባትሪ፣ ከሥር ደግሞ በነጭ ሙጫ የተጣበቀ የሳሙና መጠን ያለው ብረት አለ። ምንም ሽቦ አልነካውም። ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ይሄ ምን ይሠራል?» አለ ሙዘይን።

ትዕግስት በካቻቢቴው ጫፍ ፈልቅቃ አወጣችው። ገለባበጠችው። ፊቷ ቀስ በቀስ ቀላ። «ምንም… ምንም አይሠራም» አለች። «እንዲከብድ ብቻ ነው ያስገቡት።»

መጀመሪያ የሳቀው ቶማስ ነው። መውጊያውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሙዘይን። «ጋሼ! እርስዎ ድንጋይ ሳይጨምሩ ኖረው፣ ድንጋይ የተጨመረበት ሸጡልዎት!» ክንዴን ይዞ ከኬሻው ላይ አስነሳኝ። ያ ያፈረ ፊቱ ጠፍቶ ነበር።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «አባባ፣ እውነቴን ነው አላወቅኩም። ከፍቼ አይቼው አላውቅም። ከባድ ሲሆን ጥሩ ይመስለኝ ነበር…» እንባዋ መጣ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ምናልባት እጠራጠራት ነበር። አሁን ግን እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ እኔ ቆሜ ነበር የመጣሁት። «አውቃለሁ ልጄ» አልኳት፣ «እኔም የማላውቀውን በኬሻ ይዤ ነው የመጣሁት።»

ቶማስ ብረቱንም ማጫወቻውንም ሚዛን ላይ አውጥቶ ከኬሻው ክብደት ቀነሰ። ሙዘይን መውጊያውን ወደ ግድግዳው እንዲመልስ በእጁ ጠቆመው። «የጋሼ አይወጋም። ዛሬም አይወጋም።»

እዚህ ላይ አመስግኜ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። ግን እግሬ እንቢ አለ። እኔ ማጫወቻውን በክብደቱ አመንኩት። ልጅቷም እንደዚሁ። ሙዘይን ደግሞ አባቱን አምኖ እኔን ያምናል። አንዳችንም ከፍተን አላየንም። ያን ያልተበሳ ኬሻ ስንት ዓመት የኮራሁበት፣ ለካ ማንም ሳያየው ነው። ሳይታይ የታመነ ነገር ደግሞ እንዲፈርስ ሴትዮዋ አንዴ ከተናገረች ይበቃል።

«ውጋው» አልኩት ቶማስን።

«አባባ…»

«አሥራ አንዱንም። እነዚህ ሁሉ ሰዎች እያዩ።»

ወጋው። የመጀመሪያው ሲበሳ ፊቴን አዞርኩ፣ አልዋሽም። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን አየሁት። ቱቦው ገብቶ በወጣ ቁጥር ደረቅ ጀንፈል መዳፉ ላይ ተንኮሻኮሸ። ቶማስ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበራት፤ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ መጣ። ከአሥራ አንዱም ቡና ብቻ ወጣ። ለቃሚዋ ወንፊቷን ከደረቷ ላይ አወረደች።

ቤት ስደርስ ለበላይነሽ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ሴትዮዋ ደህና ናት?» አለች። ቀጥላም፣ «ዜማውስ እንዴት ያልቃል?» አለችኝ። አልሰማሁትም ስላት እስከ እራት አልተናገረችኝም።

ትዕግስት ማጫወቻውን አድርቃ፣ ቁልፉን ቀይራ መለሰችልኝ። ብረቱን ግን ጠይቄ ወሰድኩት፤ አሁን የጎተራውን በር ከፍቶ የሚይዝልኝ እሱ ነው። ጣሳውም ወደ ስፍራው ተመልሷል። ማጫወቻው ብረቱ ከወጣለት ወዲህ ቀልሎ ጥምዝ በመጣ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ስለሚንሸራተት በላይነሽ ጭኗ ላይ ይዛው ትጓዛለች። አንድ ቀን ያ ዜማ መጣ። መኪናውን ዳር አቁሜ ሞተር አጠፋሁ። ሁለታችንም እስከ መጨረሻው ሰማነው። ዞሮ ዞሮ፣ ከፍ ብሎ ዝቅ ብሎ፣ እኔ ልክ የማቆምበት ጋ ተመልሶ አለቀ። በላይነሽን ዞሬ አየኋት። እሷ በመስኮቱ ውጭውን አየች።

ዘንድሮ ቡና ሳስረክብ በላይነሽም አብራኝ መጣች። መጋዘኑ በር ላይ ቆምኩና፣ ሙዘይን ሰላም ሳይለኝ በፊት፣ «መውጊያው የታለ?» ብዬ ጮህኩ። ቶማስ ይዞት ወጣ። ከመኪናው ውስጥ በላይነሽ ማጫወቻውን በሁለት እጇ በመስኮት አወጣችና መጋዘኑ ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«እዚህ ነው!» አለች። «ከመብሳታችሁ በፊት እዩት፣ እዚህ ነው ያለው!»